ለሰላም የሚደክሙ ማንን ያመሰግናሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሁለት ወንድማማቾች ከወላጆቻቸው በወረሱት ቤት ምክንያት ተጣልተው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ የንስሐ አባታቸው አምስት ሽማግሌዎችን ሰብስበው ዕርቅ አስጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ወር ያህል ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ እየተገናኙ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰሙ፤ እኔም በዚያ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የስምምነቱን ወረቀት ፈርመውም እየተጨዋወቱ አብረው ወጡ። ነገር ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዘወር ብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ያለ አልነበረም።

ከአምስቱ አንዱ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ በአስታራቂዎች የሙያ ማኅበር ውስጥም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ። «ከእንግዲህስ ይበቃኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አባት ግን «ልጄ፣ ዛሬ ማመስገንስ የእኛ ድርሻ ነው» ብለው መለሱላቸው።

ይህች አጭር መልስ በልቡናዬ ቆይታለች። ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ ሰባት ወር የደከመ ሰው ስለ ምን ያመሰግናል? ማንንስ ያመሰግናል? ጥያቄው የአንድ ሰው ቅሬታ ብቻ አይደለም። አስታራቂዎች ልባቸው ተሰብሮ ከአገልግሎቱ ሲርቁ ይበልጥ የሚጎዱት የተጣሉት ናቸው። በዕርቅ ሊያልቅ ይችል የነበረው ጠብ ዓመታትን ይፈጃል፤ ልጆች የወላጆቻቸውን ቂም ይወርሳሉ፤ በቂም ምክንያት ከቅዱስ ቍርባን የራቁ ቤተሰቦችም እንደ ራቁ ይቀራሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምስጋና፣ የአስታራቂ አተያይና የፈቃድ አገልግሎት እንዴት እንደሚያያዙ በተለይ ከፊልሞና መልእክት እንመለከታለን።

አስታራቂነት ትናንትና ዛሬ

በአገራችን ዕርቅ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤት በድንበር ሲጣላ፣ ነጋዴዎች በሒሳብ ሲካሰሱ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ወይም የዕድር ዳኛ በመካከል ይገባል። ሕጉም ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ በደነገገበት ክፍል አስታራቂ እንዲሆን የተመረጠ ሰው ምርጫውን ለመቀበልም ሆነ ላለመቀበል ነጻ መሆኑን አስቀምጦ ነበር። ይህም አስታራቂነት ከመነሻው የፈቃድ ሥራ መሆኑን ያስረዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ፍርድ ቤት ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስትን ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ ሊያደርግ እንደሚችል ይገልጻል።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ፍርድ ቤት መር የማስማማት አሠራርን አካቷል። እንዲህ እያለ አስታራቂነት ከሽማግሌ ወንበር በተጨማሪ ሥልጠና፣ የሥነ ምግባር ደንብና የሙያ ማኅበር ያለው ሥራ ሆኗል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የቆሙት በአብዛኛው በአባላት የፈቃድ አገልግሎት ነው። ነባሩ አስታራቂ አዲሱን አጠገቡ አስቀምጦ ያለማምዳል፤ ሌላው በሥነ ምግባር ቅሬታ ላይ ይወያያል፤ ሌላው ለመክፈል አቅም የሌላቸውን ሰዎች በነጻ ያስታርቃል። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ብዙ የቤተ ክርስቲያን ልጆች አሉ። የሚያነሡትም ጥያቄ ከላይ ያየነው ነው፤ ምስጋና በሌለበት እስከ መቼ ማገልገል ይቻላል?

ምስጋና ከአስታራቂ ለምን ይርቃል?

አስታራቂ ምስጋና የሚያጣው ሰዎች ክፉዎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከሥራው ጠባይ የሚመነጩ ምክንያቶችም አሉ።

የመጀመሪያው ምስጢር ነው። ሐኪም ያዳነው ሰው በአደባባይ ይመሰክርለታል፤ ግንበኛ የሠራው ቤት ቆሞ ይታያል። አስታራቂ ግን በዕርቅ ጉባኤ የሰማውን ገመና ወደ ውጭ ሊያወጣ አይገባውም። ያስታረቃቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ሊመሰገን ቢፈልግ አደራውን አፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከሥራው እጅግ የተሻለው ክፍል ማንም የማያውቀው ነው።

ሁለተኛው አለማዳላት ነው። ለማንም ሳያዳላ የተቀመጠ ሽማግሌ ለሁለቱም ወገን ያዳላባቸው ይመስላቸዋል። የተበደለው «በዳዬን በሚገባ አልገሠጸልኝም» ይላል፤ በዳዩ ደግሞ «በሰው ፊት አሳፈረኝ» ይላል።

ሦስተኛው ምክንያት ዕርቁ በመልካም ሲፈጸም ባለቤቶቹ የታረቁት ሰዎች መሆናቸው ነው። ብልህ አስታራቂ መፍትሔውን ከራሱ አውጥቶ አይጭንባቸውም፤ ራሳቸው እንዲያገኙት ይረዳቸዋል። እነርሱም «እኛው ተስማማን» ብለው ሲሄዱ እውነታቸውን ነው።

አራተኛው የዕርቅ ፍሬ ብዙ ጊዜ ሳይደርስ የቀረ ክፉ ነገር መሆኑ ነው። ያልፈሰሰ ደም፣ ያልፈረሰ ትዳር፣ ያልተበተነ ቤተሰብ ለዐይን አይታይም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ የተበደለው ወገን አባቶች ነበሩ፤ የገዛ ኀዘናቸውን ይዘው ነው የተንበረከኩት። ያ ነገር በብዙዎች ዘንድ ስለ ታየ ተመስግነዋል። ማንም ሳያያቸው በየመንደሩ እንዲሁ የሚንበረከኩት ግን ስንት ናቸው?

ምስጋና ማጣት ብቻ ሳይሆን መገፋትም አለ። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሁለት ዕብራውያን ሲጣሉ አይቶ ወንድማማቾች መሆናቸውን እያስታወሰ ሊያስታርቃቸው ቢሞክር፣ በዳዩ ገፋው፤ በላያቸው ማን እንደ ሾመውም ጠየቀው። ሙሴም ወደ ምድያም ሸሸ (ዘፀ. 2፡13-15፤ ሐዋ. 7፡26-29)። ይሁን እንጂ ያ የተገፋ አስታራቂ ከዓመታት በኋላ ስለዚያው ሕዝብ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚለምን ሆነ። የሰዎቹ ምስጋና ማጣት ጥሪውን አላጠፋበትም።

እንግዲህ ምስጋናን ከሰዎች እጅ ብቻ የሚጠብቅ አስታራቂ ሥራው ራሱ በማይሰጠው ነገር ላይ ተስፋ ጥሏል ማለት ነው። ጌታችን በስውር የሚደረገውን መልካም ነገር በስውር የሚያይ አባት እንዳለ ያስተማረው (ማቴ. 6፡4) ለአስታራቂ እጅግ የቀረበ ቃል ነው።

የፊልሞና መልእክት፤ የአስታራቂ መማሪያ

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለፊልሞና የላካት መልእክት አንድ ምዕራፍና 25 ቁጥር ብቻ ያላት ናት። ፊልሞና ምእመናን በቤቱ የሚሰበሰቡበት ክርስቲያን ነበር። አናሲሞስ ደግሞ ከእርሱ የተለየ ባሪያው ነው። አናሲሞስ ወደ ሐዋርያው ደርሶ በትምህርቱ አመነ፤ ሐዋርያውም ይህችን መልእክት አስይዞ ወደ ጌታው መለሰው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ መልእክቷን በሦስት ድርሳናት ተርጉሟታል፤ ስለ አንድ ባሪያ ጉዳይ የተጻፈች ስለሆነች አታስፈልግም ይሉ ለነበሩ ሰዎችም መልስ ሰጥቷል። በእርግጥም ቤተ ክርስቲያን የሁለት ሰዎችን ዕርቅ የያዘችውን ይህችን ደብዳቤ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር መቁጠሯ ዕርቅ በእግዚአብሔር ዘንድ ትንሽ ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል። ከእርሷም አራት ነገሮችን እንማራለን።

1. ምስጋና ይቀድማል

ሐዋርያው ልመናውን ከማቅረቡ በፊት ስለ ፊልሞና እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን ይገልጻል (ቁ. 4-7)። የሚያመሰግነው በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ነው። የሚያመሰግንለትም ሰው ከባድ ነገር ሊጠይቀው ያሰበው ሰው ነው። ይህ ሽንገላ አይደለም፤ ሽንገላ የሌለውን መልካም ነገር ይፈጥራል። ሐዋርያው ግን በፊልሞና ላይ በእውነት ያለውን እምነትና ፍቅር አይቶ ስለ እርሱ አመሰገነ፤ ዕርቁንም በዚያ መልካም ነገር ላይ መሠረተው።

አስታራቂ ወደ ጉባኤ ከመግባቱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፤ ስለዚህ ሰው እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ምን አለኝ? ስለ ሌላውስ? ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምንም የሚመሰገን ነገር ያላገኘ ሽማግሌ ገና ለማስታረቅ አልተዘጋጀም፤ በልቡ አስቀድሞ ፈርዷልና። ምስጋና እንግዲህ ከዕርቅ በኋላ የሚመጣ ደመወዝ ሳይሆን ከዕርቅ በፊት የሚያዝ ስንቅ ነው።

2. ምስጋና አተያይን ያሰፋል

የተጣላ ሰው ዓለሙ ይጠብበታል። ጠላቱን በአንዲት ቀን በሠራው በደል ብቻ ያየዋል። ፊልሞና በአናሲሞስ ያየው የኮበለለ ባሪያን ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ግን አስቀድሞ የማይጠቅም የነበረው አሁን ለሁለቱም የሚጠቅም መሆኑን ያስረዳዋል (ቁ. 11)፤ የአናሲሞስ ስም ትርጓሜ «የሚጠቅም» ማለት ነውና። ለጥቂት ጊዜ መለየቱም ምናልባት ከባሪያ የሚበልጥ፣ የተወደደ ወንድም ሆኖ ለዘላለም እንዲቀበለው ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋል (ቁ. 15-16)።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ሐዋርያው በደሉን አልሸሸገም፤ አናሲሞስ በድሎ ወይም ዕዳ ኖሮበት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ደግሞም የእግዚአብሔርን አሠራር ሲያመለክት «ምናልባት» ብሎ ነው። በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ የተበደለውን ሰው አፍ አላዘጋም፤ ሌላ መስኮት ከፈተለትና ራሱ እንዲያይ ተወው። የአስታራቂ ጥበብ ይህ ነው። ሰውን «ተሳስተሃል» ብሎ ከቆመበት መግፋት ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን አብሮ ማየት ነው።

3. በጎ ሥራ በፈቃድ ይሁን

ሐዋርያው ሊያዝ ሥልጣን እንደነበረው፣ ነገር ግን ስለ ፍቅር ብሎ መለመንን እንደ መረጠ ይናገራል (ቁ. 8-9)። አናሲሞስን ከራሱ ጋር ሊያስቀረው ቢወድም ያለ ፊልሞና ፈቃድ ምንም ሊያደርግ አልፈለገም፤ የፊልሞና መልካም ሥራ በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን ፈልጓልና (ቁ. 14)።

ይህ ቃል ለሚታረቁትም ለሚያስታርቁትም ይሠራል። በግድ የተደረገ ዕርቅ ከበሩ ሳይወጣ ይፈርሳል። እንዲሁም በግድ የሚያገለግል አስታራቂ፣ ማለትም ለስሙ ወይም ለወንበሩ ሲል የተቀመጠ ሰው፣ ድካሙን በሰዎች ላይ ዕዳ አድርጎ ይጽፋል፤ ዕዳውም ሳይከፈለው ሲቀር ይመረራል። በፈቃዱ የሰጠ ሰው ግን አስቀድሞ ስለ ሰጠው የሚከፈለው ዕዳ የለውም።

4. አስታራቂ ዋጋ ይከፍላል፤ ይከታተላልም

ሐዋርያው አናሲሞስ ዕዳ ካለበት በራሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ ቃል ገብቷል (ቁ. 18-19)። ዘመናዊ አስታራቂ የተከራካሪዎችን ዕዳ እንዲከፍል አይጠበቅበትም፤ የሙያው ደንብም እንዲህ ያለውን ነገር ላይፈቅድለት ይችላል። ነገር ግን ጊዜውን፣ ዕረፍቱን፣ አንዳንዴም ስሙን የሚከፍል መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በመጨረሻም ሐዋርያው ማደሪያ እንዲያዘጋጅለት ፊልሞናን ይለምነዋል (ቁ. 22)፤ መጥቶ ሊያያቸው ያስባልና። ዕርቅ በፊርማ አያበቃም። ከወር በኋላ ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» የሚል ሽማግሌ የዘራውን የሚያጠጣ ገበሬ ነው።

በዚህች መልእክት የማናገኘው አንድ ነገር አለ። ፊልሞና ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ ሐዋርያውን አመስግኖት ይሁን አይሁን አልተጻፈም። የተጻፈልን የአስታራቂው ምስጋና ብቻ ነው።

የምስጋናው ምንጭ፤ ታርቀን ነው የምናስታርቀው

የአረጋዊው ሽማግሌ መልስ ምንጩ እዚህ ላይ ይገለጣል። ቅዱስ ጳውሎስ እግዚአብሔር በክርስቶስ ከራሱ ጋር እንዳስታረቀንና የማስታረቅንም አገልግሎት እንደ ሰጠን ያስተምራል (2ኛ ቆሮ. 5፡18-20)። ቅደም ተከተሉን እናስተውል። አስቀድመን ታረቅን፤ ከዚያ አገልግሎቱ ተሰጠን። ጌታችን በመስቀሉ ከራሱ፣ ከባሕርይ አባቱ ከአብና ከባሕርይ ሕይወቱ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር አስታርቆናል። ሊቃውንቱም ሰባቱ መስተፃርራን በመስቀሉ እንደ ታረቁ ያስተምራሉ፤ እነርሱም እግዚአብሔርና ሰው፣ ሰውና መላእክት፣ ሕዝብና አሕዛብ፣ ነፍስና ሥጋ ናቸው።

ስለዚህ አስታራቂ ክርስቲያን በሁለት ሰዎች መካከል ሲቀመጥ ከፍ ብሎ ከላይ የሚያይ ጻድቅ ሆኖ አይደለም። እርሱም በነጻ የታረቀ ባለዕዳ ነው። የተጣሉትን ሲያይ የራሱን ትናንት ያያል። በነጻ የተቀበለውን በነጻ ሲያካፍልም ትልቅ ውለታ የዋለ አይመስለውም። አረጋዊው አባት «ማመስገንስ የእኛ ድርሻ ነው» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የማስታረቅ አገልግሎት መሰጠቱ ራሱ ስጦታ ነውና።

ይህን ሥርዓተ ቅዳሴያችንም ያስተምረናል። በቅዳሴው መጀመሪያ ክፍል ጸሎተ አኰቴት ይደረሳል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ወደ ፍሬ ቅዳሴው ከመግባታችን በፊት ደግሞ ጸሎተ አምኃ አለ፤ በዚያን ጊዜ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው በሰላም እጅ እንዲነሣሡ ያውጃል። ከዚያ በኋላ አኰቴተ ቍርባኑ ይቀጥላል። በምስጋና ተጀምሮ በሰላም አልፎ ወደሚበልጠው ምስጋና የሚደርስ መንገድ ነው። መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው እንደሆነ ቢያስብ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታችን ያዘዘውም (ማቴ. 5፡23-24) ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። አስታራቂ እንግዲህ ምእመኑን ወደ መሠዊያው የሚያደርሰውን መንገድ የሚጠርግ አገልጋይ ነው።

የታረቁት ሰዎችስ ድርሻ?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አስታራቂው ነው። ይህ ማለት ግን የታረቁት ሰዎች ከምስጋና ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። ናባል የዳዊትን መልእክተኞች በስድብ በመለሰ ጊዜ ዳዊት 400 ሰዎች አስከትሎ ሊያጠፋው ተነሣ። የናባል ሚስት አቢግያ ግን ፈጥና ስንቅ ጭና ወጣች፤ በዳዊት ፊት ወድቃም ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገች። ከዚያም ዳዊት በነገሠ ጊዜ በከንቱ ያፈሰሰው ደም የልብ ጸጸት እንዳይሆንበት የሚመጣውን ዘመን አሳየችው (1ኛ ሳሙ. 25)። ቁጣ ያጠበበውን ዐይን እንዲህ አድርጋ ከፈተችው። ዳዊትም አስቀድሞ እርሷን የላከለትን እግዚአብሔርን ባረከ፤ ቀጥሎ ምክሯን፣ ቀጥሎም እርሷን ባረከ። የታረቀ ሰው ምስጋና በዚህ ሥርዓት ሊሆን ይገባዋል።

እኛስ? በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተለያይተው የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ታርቀው፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁላችንም በእልልታ ተቀበልን። ከዚያ በፊት የተደረጉ የዕርቅ ጉባኤያት ያለ ፍሬ ተበትነው ነበር። በእነዚያ ያልተሳኩ ዓመታት ሁሉ ተስፋ ሳይቆርጡ የተመላለሱ ካህናትና ምእመናን ነበሩ። ስንቶቻችን በጸሎታችን አስበናቸዋል? ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር (ሉቃ. 17፡11-19)፤ ጌታችንም ስለ ዘጠኙ ጠይቋል።

በማኅበር ማገልገል

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ በሕዝቡ መካከል ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። ይህ እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩና ግፍን የሚጠሉ ሰዎችን መርጦ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች አድርጎ እንዲሾም መከረው (ዘፀ. 18፡13-27)። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። የአስታራቂዎች ማኅበርም ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢሸከመው የሚሰብረውን ብዙዎች ሲካፈሉት አገልግሎት ይሆናል።

በእንዲህ ያለ ማኅበር የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች የሚከተሉትን ብታስቡ ይጠቅማል።

ስብሰባችሁን በምስጋና ጀምሩ። ከሒሳቡና ከአጀንዳው በፊት እያንዳንዱ ሰው የማንንም ምስጢር ሳይገልጥ በዚያ ወር ያመሰገነበትን አንድ ነገር ቢናገር፣ የጉባኤው መንፈስ ይለወጣል።

የማይታዩትን አመስግኑ። ለዕርቅ ቤቷን የከፈተችውን፣ ቡና ያፈላችውን፣ ቃለ ጉባኤ የጻፈውን፣ ወንበር የደረደረውን አትርሱ። በአደባባይ ሊመሰገን የማይችለውን አስታራቂ ቢያንስ የማኅበሩ ወንድሞቹ ያመስግኑት።

የታረቁትን ራሳቸውን አመስግኑ። ይቅር ያለው ሰው ከሽማግሌው የሚከብድ ሥራ ሠርቷል።

ዕርቁ ያልተሳካለትን አጽናኑ። ሳይታረቁ የተለያዩ ሰዎች አንድ ቀን የሰሙትን ቃል ያስታውሱት ይሆናል።

ወጣቶችን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ዕድሜ ብቻውን ሽማግሌ አያደርግም፤ ልምድን በነጻ ማስተላለፍ ግን ለማኅበሩ የሚሰጥ ትልቅ ምጽዋት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ስለ ገንዘብ ነው። በሙያው የሚተዳደር አስታራቂ በግልጽ የተስማሙበትን ክፍያ ቢቀበል ነውር የለበትም፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና (ሉቃ. 10፡7)። ከአንዱ ወገን በስውር የሚመጣ ስጦታ ግን የጥበበኞችን ዐይን የሚያሳውር መማለጃ ነው (ዘዳ. 16፡19)። ኤልሳዕ የተወውን ስጦታ በስውር ተከትሎ የተቀበለው ግያዝ ያገኘውን እናውቃለን (2ኛ ነገ. 5)። ሙያተኛው ከጊዜው ጥቂቱን ለድሆች በነጻ ቢሰጥ ደግሞ ዐሥራት እንደ ማውጣት ይሁንለት።

ሁለተኛው ስለ እውነት ነው። ሰላም በሌለበት ሰላም ነው እያሉ ቍስልን በጥቂቱ መፈወስ በነቢዩ ኤርምያስ የተወቀሰ ነው (ኤር. 6፡14)። በቤቷ የምትደበደብን ሴት «ቻይው፤ ትዳርሽን አክብሪ» ብሎ ያለ ምንም ዋስትና ወደ ዱላ መመለስ ዕርቅ አይደለም። አስቀድሞ ደኅንነቷ ሊጠበቅ፣ በዳዩም በንስሐና በሕግ ሊጠየቅ ይገባል። የተበደለንም ሰው ገና ቍስሉ ሳይጠግግ «ተመስገን በል» ማለት ምስጋናን ቀንበር ያደርገዋል። ምስጋና የሚጀመረው ከአስታራቂው ነው፤ በተጎዳው ላይ የሚጫን አይደለም።

ማጠቃለያ

መጀመሪያ ላይ ያነሣናቸው የሕግ ባለሙያ በዚያ ቀን የአረጋዊውን መልስ ሰምተው ዝም አሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ቤተሰብ ሽማግሌ ፈልጎ ወደ ንስሐ አባቱ ሲመጣ ግን ቀድመው የተገኙት እርሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት «እስኪ አስቀድመን እናመስግን» ብለው የተነሡትም እርሳቸው ናቸው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በሽማግሌ የታረቃችሁ ሁሉ ያስታረቋችሁን አስቡ፤ በሕይወት ካሉ ሂዱና አመስግኗቸው፤ ካረፉም በጸሎት አስቧቸው። የምታስታርቁም ከእግዚአብሔር ጋር የታረቃችሁባትን ቀን አስታውሱ። የሚያስተራርቁ የእግዚአብሔር ልጆች እንደሚባሉ ጌታችን ተናግሯል (ማቴ. 5፡9)። ልጅ በአባቱ ቤት ሲሠራ ደመወዙን አይቆጥርም፤ ልጅነቱ ይበቃዋል።

የሰላም አምላክ እግዚአብሔር ለሰላም የሚደክሙትን ሁሉ ያበርታልን፤ የተጣሉትንም ያስታርቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።